ፍሬኑ «እምቢ» የሚለው ለምንድን ነው?

ስለ አውቶሞቢል ክብደትና ጭነት በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ጥቂት የምሕንድስና ተማሪዎች ነን። ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ፍትሕ ሲነገርበት በኖረው በዚህ መድረክ ላይ ስለ መኪና ጭነት መናገራችን ለአንዳንዶቻችሁ የጋራዥ ወሬ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን የዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ከመካከላችን የሚበዛው ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄደው የዓባይን በረሓ ይወርዳል፤ ወደ ወሎ የሚሄደው በጣርማ በር ያልፋል። እናትና አባታችን ተቸግረው ያስተማሩን ሁሉ፥ እኛም ሌሊት ቁጭ ብለን ያጠናነው ሁሉ፥ በዚያ ሰዓት በስድስት ጎማ ላይ ተጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩ የሾፌሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ጉዳይ ነው።

የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር ከምንሰማቸው ምክንያቶች አንዱ «ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው» የሚለው ነው። ይህን ሰምተን ከንፈራችንን መጥጠን እናልፋለን፤ ሌላ ጥያቄም አንጠይቅም። ሰው እምቢ ይላል፤ በቅሎም እምቢ ትላለች፤ ብረት ግን ፈቃድ የለውምና እምቢ ሊል አይችልም። ታዲያ እምቢ ያሰኘው ምንድን ነው? በጥገና ጉድለት የሚበላሽ ፍሬን መኖሩን አንክድም። ዳሩ ግን ምንም ሳይጎድለው፥ ከዐቅሙ በላይ ስለ ተጠየቀ ብቻ የሚሸነፍ ፍሬን አለ። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህኛው ነው። ልናስረዳችሁ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመኪና ጭነት መለካት ያለበት ሞተሩ በሚጎትተው መጠን ሳይሆን ፍሬኑ፣ ጎማውና መሪው በሚችሉት መጠን መሆኑ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በእንስሳት ላይ አሳምረው ያውቁት ነበር። በቅሎና አህያ እየነዳ ቆላና ደጋ የሚመላለሰው ነጋዴ ጭነቱን በግራና በቀኝ እኩል ያደርጋል፤ ጭነቱ እንዳይንሸራተት በመጫኛ ጠፍሮ ያስራል፤ ቁልቁለት ሲደርስም ቆም ብሎ ጭነቱን ያስተካክላል። አጋሰሱ ከበዛበት እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከባሰበትም ይተኛል። ነጋዴውም ያን አይቶ ጭነት ይቀንሳል። መኪና ግን እንዲህ ያለ ምልክት በጊዜ አይሰጥም። ሁለት እጥፍ ሲጫንበት ሞተሩ ትንሽ ያቃስት እንደ ሆነ ነው እንጂ ይሄዳል። ሄደ ማለት ግን ቻለ ማለት አይደለም።

እያንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ክብደት ተጽፎለት ይወጣል። አንደኛው ባዶውን ሳለ የሚመዝነው ነው። ሁለተኛው ሰውና ዕቃ ተጭኖበት ሊደርስበት የሚፈቀደው የመጨረሻ ክብደት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመኪናው ትክክለኛ ጭነት ይባላል። ይህ ቁጥር ሻጭን ወይም ገዥን ለማስደሰት የተጻፈ አይደለም። መሐንዲሱ የባሌስትራውን፣ የአክስሉን፣ የጎማውንና የፍሬኑን ጥንካሬ አስልቶ ከሁሉ ደካማው ሊሸከም በሚችለው ልክ የወሰነው ነው። ስለዚህ «ይህ መኪና ከተጻፈለት በላይ ይችላል» የሚል ሰው ሞተሩን ብቻ አይቶ የሚናገር ነው።

እንግዲህ ከሞተሩ እንጀምር። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ክብደቱ ሲጨምር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። በሜዳ ላይ 10 ቶን ሆኖ የሚጓዝ ካሚዮን 20 ቶን ቢሆን፥ በአንዱ ሞተር ፍጥነት ለማግኘት ሁለት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላውን መኪና ቀድሞ ለማለፍ የሚወስድበት መንገድም በዚያው ይረዝማል። ባዶውን ሳለ በቀላሉ ይቀድም የነበረ ሾፌር፥ ተጭኖ ሳለ እንደ ልማዱ ለመቅደም ሲወጣ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው መኪና ይደርስበታል። ዐይኑ የለመደው ባዶውን መኪና ነውና።

ወደ ዳገት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ 20 ቶን የሚመዝን መኪና የሚወጣ ቢሆን፥ ክብደቱ ብቻውን 1.4 ቶን በሚሆን ኃይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ያን እያሸነፈ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ እንኳ 100 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልገዋል። በዚህም ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ሲጨስና ሲያቃስት የምናየው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በዳገት ላይ የሚደርሰው ጉዳት መዘግየትና የነዳጅ ብክነት ነው። ሞተሩ ሲደክመው ይናገራል፤ ሾፌሩም ማርሽ ይቀንሳል። የሚያስፈራው ነገር ዳገቱ ሲያልቅ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማውን አንድ ክርክር እናንሣ። «ከባድ መኪና መሬት ይይዛል፤ ቀላሉ ነው የሚንሸራተተው» ይባላል። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ጎማ መሬት የሚይዝበት ፍትጊያ ክብደቱ ሲጨምር በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን መቆም ያለበት ክብደትም አብሮ ስለ ጨመረ፥ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ ቀላሉም ከባዱም መኪና በአንድ ርቀት ሊቆሙ ይችሉ ነበር፤ ይህም የሚሆነው ፍሬኑ ጎማውን እስከ መጨረሻው የመያዝ ዐቅም ካለው ብቻ ነው። ፍሬኑ ግን ጭነት ስለ ጨመርን አያድግም። የፍሬኑ ታምቡር ያው ነው፤ ሸራውም ያው ነው።

በቁጥር እንየው። እስከ 10 ቶን እንዲመዝን የተፈቀደለት አንድ ካሚዮን፥ ፍሬኑ በሙሉ ዐቅሙ ሲያዝ በ6 ቶን ኃይል ወደ ኋላ የሚይዘው ነው እንበል። ይህ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከፊቱ አንድ ልጅ መንገድ ቢያቋርጥ፥ ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያችም ሴኮንድ መኪናው 17 ሜትር ይጓዛል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ደግሞ 24 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ድምሩ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። አሁን ያንኑ መኪና 15 ቶን እናድርገው። ፍሬኑ የሚይዝበት ኃይል ያው 6 ቶን ስለ ሆነ መኪናው የሚቆመው ከ52 ሜትር በኋላ ነው። «12 ሜትር ምን አላት?» እንዳትሉ። በትክክል የተጫነው መኪና ጭራሽ በቆመበት ቦታ ላይ፥ ከመጠን በላይ የተጫነው ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ልጁ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ቢሆንስ?

ከዚህ ጋራ ፍጥነትን መርሳት አይገባም። መኪና በመሄዱ ብቻ የሚያከማቸው ጉልበት ክብደቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን 4 እጥፍ ይሆናል። ጭነትና ፍጥነት ሁለቱም እጥፍ ቢሆኑ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት 8 እጥፍ ነው። በጭነት የዘገየውን በፍጥነት ለማካካስ የሚሞክር ሾፌር ያለበትን ዕዳ ከዚህ ማስላት ይቻላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለጥሬ ነው፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥተን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ 1400 ሜትር ዝቅ እንላለን። ከዚያም እንደ ገና ወደ ደጀን እንወጣለን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የተመረቀውና በጃፓን ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገር አቅልሎልናል፤ ገደሉን ግን አላሳጠረውም። 20 ቶን የሚመዝን መኪና ያን 1400 ሜትር ሲወርድ ያ ሁሉ ከፍታ ወዴት ይሄዳል? ጉልበት አይጠፋምና ወደ ፍጥነት ካልተለወጠ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ብናሰላው የሚወጣው ሙቀት ከ800 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ አራት በርሜል ውሃ ማለት ነው። በመኪናው ላይ 10 ቶን ትርፍ ብንጭንበት ስድስት በርሜል ይሆናል። ከዚህ ሙቀት ጥቂቱ በአየርና በጎማ ፍትጊያ ይወጣል፤ የሚበዛው ግን በሁለት ነገር ላይ ይወድቃል፤ አንዱ ሞተሩ ነው፥ ሌላው ፍሬኑ።

ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ሙቀቱም በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል፤ ሞተር ሙቀት ለማስወጣት የተሠራ ነውና ለረጅም ጊዜ ይችለዋል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሾፌሮች ምክር ፍጹም ትክክል ነው። ነገር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። በዚህ ጊዜ አራቱም በርሜል ውሃ በፍሬኑ ላይ ይፈላል ማለት ነው።

ፍሬን ሲግል የሚሆነውን እንንገራችሁ። በመጀመሪያ ሸራው ከሙቀት ብዛት የመያዝ ችሎታውን ያጣል፤ የሚቃጠል ሽታም ይመጣል። ቀጥሎ ታምቡሩ በሙቀት ይለጠጥና ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች መርገጥ ይኖርበታል። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ፥ በተለይም ዘይቱ ቆይቶ እርጥበት የገባበት ከሆነ፥ ይፈላና በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ሲጨመቅ እሺ ስለሚል ሾፌሩ የረገጠው ወለል ድረስ ይሰምጣል። በነፋስ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፥ ደጋግሞ ሲረገጥ መጭመቂያው ከሚሞላው ይልቅ የሚወጣው አየር ይበልጥና ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሾፌሩ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ!» ብሎ ይጮኻል። በማግሥቱ የቀዘቀዘው ፍሬን ቢመረመር ምንም ጉድለት ላይገኝበት ይችላል። እምቢ ያሰኘው ጎሐ ጽዮን ላይ ሳለ በጀርባው የነበረው ጭነት ነው።

ጭነት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በአቀማመጡም ይጎዳል። በአገራችን አውቶቡስና ሚኒባስ ላይ ፖርቶ መጋላው የማይሸከመው ነገር የለም፤ እህል፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ለበዓል ጊዜም በግ ይጫንበታል። ዕቃ ወደ ላይ ሲቆለል የመኪናው የክብደት ማእከል አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 2 ሜትር ስፋት ያለው ካሚዮን የክብደቱ ማእከል 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። ግማሽ ክበቡ 50 ሜትር በሆነ ጠምዛዛ መንገድ ላይ እንዲህ ያለው መኪና በስሌት የሚገለበጠው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ጭነቱ ተቆልሎ ማእከሉ 1.9 ሜትር ላይ ከደረሰ ግን 58 ላይ ይገለበጣል። ባሌስትራውና ጎማው ወደ ጎን ስለሚያዘነብሉ በእውነተኛው መንገድ ላይ ከዚህም ባነሰ ፍጥነት ይወድቃል። ጭነቱ ከብት ወይም በግማሽ የተሞላ የፈሳሽ ታንክ ከሆነ ደግሞ፥ መኪናው በተጠማዘዘ ጊዜ ጭነቱ ራሱ ወደ ውጭ ሸሽቶ ይገለብጠዋል።

ወደ ኋላ መጫንም የራሱ ጠንቅ አለው። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው ፒክአፕ ላይ 6 ኩንታል እህል ከኋላው አክስል 1 ሜትር አልፎ ቢጫን፥ የኋላው ጎማ የሚሸከመው በ800 ኪሎ ይጨምራል፤ የፊቱ ደግሞ በ200 ኪሎ ይቀልላል። መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲሄድ ያያችሁት ይህ ነው። የፊቱ ጎማ መሬቱን በደንብ ስለማይጫን መሪው ይቀልላል፤ በዝናብ ጊዜም ሾፌሩ ጠምዝዞት መኪናው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። የኋላው ጎማ ደግሞ ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ እየተጣጠፈ ስለሚዞር ውስጡ ይግላል። በቆላ ሙቀት፥ ነፋሱም ጎድሎ ከሆነ፥ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ጎማ ነው።

በመኪናው ውስጥ የምናስቀምጠው ዕቃም ጭነት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን ከኋላችን ተቀምጦ ሳለ፥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ ጀሪካኑ ከ5 ኩንታል በሚበልጥ ኃይል ወደ ፊት ይመጣል። ቀበቶ ያላሰረ ሰውም ከጀሪካኑ አይሻልም፤ ፊት ለፊቱ በተቀመጠው ወንድሙ ላይ ጭነት ሆኖ ይወድቃል።

ሁለት መኪናዎች ፊት ለፊት ሲጋጩም ክብደት ፈራጅ ነው። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን አውቶሞቢልና 6 ቶን የሚመዝን ካሚዮን፥ ሁለቱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ተጋጭተው ቢጣበቁ፥ አብረው ካሚዮኑ ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ በ30 ኪሎ ሜትር ይቀጥላሉ። ካሚዮኑ የቀነሰው 20 ብቻ ነው፤ ትንሿ መኪና ግን ከ50 ወደ ፊት ወደ 30 ወደ ኋላ ስለ ተለወጠች የ80 ኪሎ ሜትር ለውጥ በቅጽበት ደርሶባታል። በውስጧ ያሉት ሰዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ትርፍ የጫነ ሰው በራሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በማያውቀው መንገደኛ ላይም ይፈርዳል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ቃል እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቶ ይታያል። ባትሪው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ስለሚመዝን እነዚህ መኪናዎች ከመሰሎቻቸው ይከብዳሉ። ባትሪው ወለል ላይ ስለ ተዘረጋ ግን በቀላሉ አይገለበጡም። በቁልቁለትም ሞተራቸው ወደ ኋላ እየያዘ፥ በሙቀት ይባክን የነበረውን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ነገር ግን ደጋ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለት የሚጀምር ሰው፥ የተመለሰው ጉልበት የሚገባበት ቦታ ስለሚያጣ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል። መኪናው አዲስ ነው፤ የክብደት ሕግ ግን አሮጌው ነው።

እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፤ ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ጥፋቱን በሾፌሩና በረዳቱ ላይ ጥለን ብንወርድ ትክክል አንሆንም። ሾፌሩ ለባለ ንብረቱ በየቀኑ የሚያስረክበው ገንዘብ አለበት። ረዳቱ እንጀራው በሰው ቁጥር ነው። ተሳፋሪውም በፀሐይና በዝናብ ተሰልፎ ቆይቶ መኪና ሲያገኝ «ሞልቷል» መባልን አይፈልግም። መኪናው ከሰው በታች መሆኑ እውነተኛ ችግር ነው፤ ችግሩንም በስድብ አናቃልለውም። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲባል የምንጠጋው ማን ነን? ዱካ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ሲደረደር እያየን ዝም የምንለው ማን ነን? ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ «ጎንበስ በሉ!» ሲባል፥ እንደ ጨዋታ እየሳቅን ጎንበስ የምንለው እኛው አይደለንምን? ሊጠብቀን ከቆመው ሰው ተደብቀን የምናድነው ማንን ነው? ያልተማረው ሰው ባለማወቁ ጎንበስ ቢል ይፈረድለታል። የጉልበትና የክብደትን ሕግ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ፈተና ያለፍን ሰዎች ግን ምን እንላለን?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው በአንድ አውቶቡስ ላይ በተሳፈረ ጊዜ አይሠራም። እያንዳንዳችን «የእኔ አንዲት ካርቶን መጽሐፍ ምን ታመጣለች?» ብለን 30 ኪሎ ብንጨምር፥ በሃምሳ ተማሪ አንድ ቶን ተኩል ይሆናል፤ ያም የሚጫነው ከጣራው በላይ ነው። ለእኛ ሃምሳ ጌጥ ነው፤ ለአውቶቡሱ ግን አንድ ሸክም ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ከመሳፈራችን በፊት መኪናውን ዞር ብለን እንመልከተው። ባሌስትራው ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጎማው የተድበሰበሰ፣ የጣራው ጭነት ተራራ ያከለ ከሆነ፥ ቀጣዩን እንጠብቅ። ከግማሽ ቀን መዘግየት የሚበልጥ ብዙ ነገር አለ።

ሁለተኛ፥ ዕቃችንን እንቀንስ። ልንተወው የምንችለውን እንተወው፤ ከባዱ ዕቃ ከታች በዕቃ ማስቀመጫው፥ ቀላሉ ከላይ እንዲሆን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ጎንበስ አንበል። አንድ ተማሪ ብቻውን «ትርፍ ሰው አይጫን» ቢል ይሳቅበታል፤ አሥር ሆነን በጨዋ አንደበት ብንናገር ግን ይሰማናል። ሾፌሩንም «ፍጠን» ብለን አንገፋፋው። በዝግታ የሚወርድ ሾፌር ፈሪ ሳይሆን ሥራውን ዐዋቂ ነው።

አራተኛ፥ በቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተን ሳናፍር ለሾፌሩ እንንገረው። አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባዋል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላልና አይደረግ።

አምስተኛው ነገር ነገ ሥራ ይዘን ስንወጣ የሚጠበቅብን ነው። ከመካከላችን የመንገድ መሐንዲስ የሚሆን አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት የተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንዳሳየው፥ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የክብደቱን አራተኛ ደረጃ ያህል ያድጋል። 10 ቶን በሚሸከም አክስል ላይ 2 ቶን ትርፍ ቢጨመር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የተቦረቦረ መንገድ ደግሞ ተመልሶ ጎማና መሪ ይሰብራል። ተራራማ አገሮች በረጅም ቁልቁለት ዳር፥ ፍሬን ያጣ መኪና የሚገባበት በጠጠር የተሞላ ሽቅብ መንገድ ያዘጋጃሉ። ይህን በአገራችን በሚያስፈልግበት ሁሉ መሥራት የመሐንዲሱ ፋንታ ነው። ሕግ ያጠና ሰው ትርፍ ጭነት የሚያስጠይቀው ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ያስጫነውን ነጋዴና ባለ ንብረቱንም ጭምር እንዲሆን ይከራከር። ኢኮኖሚ ያጠናውም ሾፌር በልኩ ጭኖ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበትን ታሪፍ ያስላ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግግራችንን እዚህ ላይ እንፈጽማለን። ፍሬን ሊናገር አይችልም። የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ግን አፍ አለን፤ ትምህርትም አለን። ፍሬኑ በበረሓው መካከል እምቢ ሳይል፥ እኛ በአውቶቡስ ተራው ላይ እምቢ ማለት እንችላለን።

ሁላችንንም በሰላም ከቤታችን ያግባን።